ከንፈሬ ደህና ሆኖ ዓይኔ ከለከለኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ አምድዎን ሁሌ ነው የማነበው። ዕድሜዬ 46 ነው፤ ከ17 ዓመቴ ጀምሮ ትራምፔት እነፋለሁ፣ እንጀራዬም እሱ ነው። ባለፈው ዓመት መነጽር ልቀይር ብሄድ የዓይንህ ግፊት ከፍ ብሏል አሉኝ፣ ሲመረመር ግላኮማ፣ የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚጎዳው በሽታ፣ ሆኖ ተገኘ። የታዘዘልኝን ጠብታ በሥርዓት እጨምራለሁ። አሁን ደግሞ ሐኪሟ "ትራምፔቱን ተው" አለችኝ። ጋሼ፣ እኔን እኮ ምንም አያመኝም! አጥርቼ አያለሁ። ከንፈሬ ደህና ነው፣ ድምፄ እንደዘንድሮ ሞልቶ አያውቅም። ለባንዱ ልጆች እስካሁን ትንፍሽ አላልኩም። የግድ መተው አለብኝ? ከተውኩስ ምን ልሆን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ያስደነገጠኝን ልናገር። "አያመኝም" ያልከውን። ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ ተንኮሉም እሱ ነው። ከዳር ዳሩ ነው የሚበላህ። ፊትህ ያለውን ኖታ አጥርተህ ታነባለህ፣ ከጎንህ የተቀመጠው ትሮምቦን ነፊ ግን ቀስ እያለ ከእይታህ ይወጣል፤ አንጎልህ ደግሞ ክፍተቱን እየሞላ ይሸፋፍንልሃል፣ ስለዚህ አትነቃም። የሞተ የዓይን ነርቭ አይመለስም። ጠብታውም ቀዶ ሕክምናውም የቀረህን ለማቆየት ነው።

ትራምፔቱ ምን አገባው ካልክ፣ ከፍ ያለ ኖታ ይዘህ ስትቆይ ራስህን በመስታወት እየው። ፊትህ ይቀላል፣ የአንገትህ ደም ሥር ይገተራል። ደረትህ ውስጥ የተጠራቀመው ግፊት ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም መንገድ ላይ ስለያዘው ነው። ዓይንህ ውስጥም ያው ነው፤ ከኋላ በኩል ያለው በደም ሥር የተሞላ ሽፋን ያብጣል፣ ዓይን ደግሞ እንደ ሆድ አይለጠጥም፣ ግፊቱ ከፍ ይላል። ማውዝፒሱን ከከንፈርህ ስታነሳ መልሶ ይወርዳል። ለዚህ ነው ክሊኒክ ቁጭ ብለህ ስትለካ የሚወጣው ቁጥር ያንተን ነገር ሁሉ የማይናገረው። የተለመደው የዓይን ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው ይላሉ፤ አንተ ወንበሩ ላይ 17 ሆነህ መድረክ ላይ ስንት እንደምትሆን ማን ያውቃል? (ኦቦ፣ ባሱንና ፍሬንች ሆርን የሚነፉም እዚሁ ውስጥ ናቸው፣ አየሩን በጠባብ መንገድ ገፍተው ስለሚያወጡ። ፍሉት የተሻለ ነው።)

ስለዚህ ከመወሰንህ በፊት አንድ ነገር አድርግ፦ ትራምፔትህን ይዘህ ሐኪሟ ጋ ሂድ። አትፈር፣ ኮሪደሩ ላይ የሚያዩህም ይዩህ። ሳትነፋ ትለካህ፣ ከዚያ ከፍ ያለ ኖታ ይዘህ እያለህ፣ ከዚያ ካቆምክ በኋላ። የጎን እይታ ምርመራህም ምን ያህል እንደተጎዳ ቁልጭ አድርጋ ታስረዳህ። ጉዳቱ ገና ጅምር ከሆነ፣ ዝቅ ባለ ድምፅና ለአጭር ጊዜ መንፋት ይቻል እንደሆነ እሷኑ ጠይቃት። እግረ መንገድህን መድረክ ላይ አንገትህን አንቆ የሚይዘውን ከረባት አላላው፣ እሱም ግፊት ይጨምራል። ቁጥሩን አይታም ተው ካለችህ ግን፣ የምትፈልገውን የሚነግርህ ሐኪም ፍለጋ አትዙር። ተው።

ስትተው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተው። እኔ ክላርኔት ያቆምኩት በዓይን አይደለም፣ የአፌ ጥግ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። ሻይ ስጠጣ ደህና፣ ሳፏጭ ደህና፣ ክላርኔቱን ስይዝ ብቻ አየሩ በግራ በኩል ሹልክ ይላል። ጡንቻው ጤነኛ ነው፣ የተበላሸው ከአንጎል የሚመጣው ትእዛዝ ነው ተባልኩ። ምን አደረግኩ መሰለህ? መሣሪያውን አልጋ ሥር ደብቄ ሌሊት ሌሊት እያወጣሁ "አንድ ኖታ ብቻ" እል ነበር። ስድስት ወር። በየሌሊቱ እንደ አዲስ ተውኩት ማለት ነው። በመጨረሻ ለሚነፋ ልጅ ሰጠሁት፣ ያን ቀን እንቅልፍ ወሰደኝ። ያንተም ቫልቮቹ ዘይት አጥተው ከሚጣበቁ ለሚነፋው አውሰው፤ ለመሸጥ አትቸኩል እንጂ ቤት አታስቀምጠው።

ለባንዱ ልጆች ዛሬ ነገ ሳትል ንገራቸው። የሆነ ምሽት ላይ ከፍ ያለውን ኖታ ስትሸሽ ቢያዩህ "አበቃለት" ነው የሚሉህ፣ ያ ደግሞ ከግላኮማ ይልቅ ያምሃል።

ምን ልሆን ነው ላልከው፣ የ29 ዓመት ጆሮ አለህ። ቅንብር መሥራት ትችላለህ፣ ማስተማር ትችላለህ፣ ለተማሪው ነፍተህ ባታሳየውም አፍህን ከፍተህ ዝፈንለት። አሜሪካዊው የጃዝ ትራምፔት ነፊና ዘፋኝ ሉዊ አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1968 ልቡና ኩላሊቱ ታሞ ሆስፒታል ገባ፤ በ1969 ለአንድ የጄምስ ቦንድ ፊልም ሲዘፍን ትራምፔቱን የነፋው ሌላ ሰው ነበር። አዳምጠው እስቲ። ሐረጉን የሚቆርጥበት ቦታ፣ ዘግይቶ የሚገባበት ነገር፣ ልክ ሲነፋ እንደነበረው ነው። እርግጥ እሱ በኋላ ተመልሶ ነፍቷል፤ የሱ ሕመም ሌላ ያንተ ሌላ ነውና በዚህ በኩል አትከተለው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሳክስፎን እነፋለሁ። ከልምምድ በኋላ ደረቅ ሳል ይይዘኛል፣ ሦስት ወር ሆነኝ። እኔም ልተው?

መልስ፦ ቆይ እንጂ እህቴ! ሳክስፎንሽን ያጠብሽው መቼ ነው? አንገቱን አውልቂና በባትሪ ወደ ውስጥ እዪው። እርጥብ ሆኖ ሳጥኑ ውስጥ የሚዘጋ መሣሪያ ሻጋታ ያበቅላል፣ አየር ስትስቢ ሻጋታው ሳንባሽ ይገባል፤ በዚህ የተነሳ ሳንባቸው የተቆጣ ሳክስፎንና ትሮምቦን ነፊዎች አሉ፣ መሣሪያቸውን በደንብ ማጽዳት ሲጀምሩ የተሻላቸውም አሉ። እስክትመረመሪ አትንፊበት፣ ሪዱንም፣ አፍሽ ላይ የምታደርጊውን ያን ስስ ሸምበቆ፣ ጣይው። የሦስት ወር ሳል ግን በማጠብ ብቻ አይታለፍም፣ ሐኪም ይየው። ስትሄጂ ሳክስፎን እንደምትነፊ ሳትነግሪው እንዳትወጪ፤ ራሱ ላይጠይቅሽ ይችላል።