ፊደል ቆጥሬያለሁ፣ ቃሉ ግን እምቢ አለኝ

ጥያቄ፦ «46 ዓመቴ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጋዘን ጥበቃ ነኝ። የንብረት ክፍል ረዳት ቦታ ወጥቷል፤ አለቃዬ ተወዳደር ይለኛል። ፊደል እለያለሁ። ረጅም ቃል ሲገጥመኝ ግን መጨረሻው ላይ ስደርስ መጀመሪያው ይጠፋኛል። በዚህ ዕድሜ ይስተካከላል? ይህንንም የጻፈችልኝ ልጄ ናት።»

መልስ፦ ጋሼ፣ ይወዳደሩ። ቅድሚያ ግን አንድ ነገር፦ ወረቀት ሲያነቡ ራቅ አድርገው ነው የሚይዙት? ከሆነ ዓይንዎን ይታዩ። ከ40 በኋላ የቅርብ እይታ ይደክማል፤ መነጽር በሚፈታው ነገር ራስዎን አይውቀሱ።

አሁን «ርክክብ»ን እንያዝ። መጋዘን ገብቶ ከዚህ ቃል ማምለጥ የለም። አራቱም ፊደላት ሳድስ፣ ማለትም በገበታው ስድስተኛ ላይ ያሉት፣ ናቸው። እንደ ፊደል ገበታው «ር፣ ክ፣ ክ፣ ብ» እያሉ ቢቆጥሩት ቃሉ አይመጣም። የመጨረሻዋን ብ ያስተውሉ፤ አናባቢ ሳይከተላት ከንፈር ተገጥሞ ያበቃል። መጥበቅና መላላትም በፊደላችን አይታይም። «ዋና መጋዘን» የሚለውን አላልተው ካነበቡት ሰው የሚዋኝበት መጋዘን ሊሆን ነው! የሚያርምዎ ጆሮዎ ነው። እሱ ደግሞ 46 ዓመት ሙሉ አማርኛ ሲሰማ ኖሯል። ስለዚህ ፊደሉን ለቅመው ሲጨርሱ ድምፅ አውጥተው ይሞክሩት፤ የሚያውቁት ቃል እስኪሆን ያጥብቁት፣ ያላሉት።

ከሁሉ የሚጠቅምዎ ግን ቃሉን እንደ ሥጋ በየብልቱ መበለት ነው። ተረከበ፣ አስረከበ፣ ተረካቢ፣ አስረካቢ፣ መረከቢያ። ረ፣ ከ፣ በ መልካቸውን ይቀያይራሉ እንጂ ከቤታቸው አይወጡም። በእርሳስ ያክብቧቸው። ከፊትና ከኋላ የሚቀሩት ጥቂት ናቸው፤ በሌላ ቃልም ላይ እነዚያው ይመላለሳሉ። «ስላላስረከቡ» 7 ፊደል ነው፤ ሲበለት ግን «ስለ»፣ «አል»፣ «አስረከቡ»፣ 3 ቁራጭ ብቻ። 3 ነገር አይጠፋብዎትም።

ይህ የትምህርት ቤት ጨዋታ እንዳይመስልዎ። ዕቃ ገቢ ሲሆን፣ ሞዴል 19 በሚባለው ቅጽ ላይ፣ ንብረት ክፍሉ ተረካቢ ነው። በሞዴል 22 ወጪ ሲሆን አስረካቢ ይሆናል። የሁለቱ ቃላት ልዩነት ፊታቸው ላይ ያለችው «ተ» እና «አስ» ናት። እሷን ዘለው ያለቦታዎ ከፈረሙ፣ ቆጠራ ሲመጣ ያልተረከቡት ዕቃ በስምዎ ይገኛል።

ማስታወቂያው የሚጠይቀውን የክፍል ደረጃ ልጅዎ ታጣራልዎ። ካልደረሱ የማታ ትምህርት ይመዝገቡ፤ ይህ ቦታ ቢያልፍ ሌላ ይወጣል። እስከዚያ ንብረት ክፍሉን ባዶ ቅጾች ይለምኑና ማታ ማታ 20 ደቂቃ ከልጅዎ ጋር ይቀመጡ። እሷ ከቃሉ ፊትና ኋላ ያለውን በጣቷ ትሸፍን፣ እርስዎ ግንዱን ያንብቡ፣ ከዚያ ትግለጠው። ሲዘገዩ ቃሉን ቀድማ እንዳትነግርዎ ግን ከወዲሁ ይስማሙ።