እናቴ የመስሚያ መሣሪያዋን አላደርግም አለች

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ ሜሪላንድ አብራኝ ትኖራለች። ጆሮዋ ከደከመ ቆይቷል። በስንት ውትወታ የመስሚያ መሣሪያ አሠራንላት፤ ትንሽ ቀን አድርጋ «ጭንቅላቴን በጠበጠኝ» ብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ወንድሞቼ «እርጅና ነው፣ ተያት» ይሉኛል። እኔ ግን መስማት ሲደክም የመርሳት በሽታ ይመጣል ሲባል ሰምቼ ተጨንቄያለሁ። እውነት ነው? ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድሞችሽ እርጅና ነው ያሉት ልክ ሊሆን ይችላል። ተያት ያሉት ግን ልክ አይደለም።

መጀመሪያ የሚያስጨንቅሽን። እዚያው አሜሪካ፣ የመስሚያ መሣሪያ ለማሰብና ለማስታወስ ይረዳ እንደሆነ ለማየት «አቺቭ» የተባለ ጥናት ተሠርቶ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ላንሴት መጽሔት ላይ ወጥቷል። ከ70 እስከ 84 ዓመት የሆኑ 977 ሰዎች ገብተውበታል፤ ገሚሶቹ መሣሪያና የባለሙያ ክትትል፣ ገሚሶቹ የጤና ትምህርት ብቻ አገኙ። ከ3 ዓመት በኋላ ሁሉም በአንድ ላይ ሲታዩ በማሰብና በማስታወስ ልዩነት አልተገኘም። ቀድሞም ለመርሳት ይበልጥ የተጋለጡት ለብቻ ሲታዩ ግን፣ መሣሪያ ያገኙት ላይ የማሰብና የማስታወስ መዳከሙ በ48 በመቶ ያነሰ ሆነ። ስለዚህ መሣሪያው ከመርሳት በሽታ ያድናታል ብዬ ቃል አልገባልሽም። ተስፋ ግን አለው። ደግሞስ ቤት ሙሉ ሰው እየተጫወተ እሷ ብቻዋን መቀመጧ አይበቃም?

አሁን ወደ «በጠበጠኝ»። የውስጠኛው ጆሮ ድምፅ ተቀባይ ሴሎች አንዴ ከሞቱ አይተኩም፤ በዕድሜ ቀድመው የሚጎዱትም ቀጫጭን ድምፆችን የሚይዙት ናቸው። ድምፅሽ ይሰማታል፣ ግን «ከሳ» ትበዪ «ከፋ» አይለይላትም። ለዚህ ነው መጮህ ብዙ የማይጠቅመው። መሣሪያው ሲገባ ደግሞ ለዓመታት የራቃት የሰሃን ኳኳታ፣ የቧንቧው ውሃ፣ የላስቲክ ኮሽታ ሁሉ በአንዴ ይመጣባታል፤ ብትበጠበጥ አይፈረድባትም። አንጎሏ እስኪለምደው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል።

እና ቀስ በይ። መጀመሪያ ቲቪው ጠፍቶ፣ ሁለታችሁ ብቻ፣ ፊትሽን እያየች አውሩ። ሰዓቱን በየቀኑ ጨምሩ። ሰው የሚበዛበት ቡና ቆይቶ ይደርሳል፤ ሠርግና ለቅሶ ከሁሉም በኋላ።

መሣሪያውን የሠራችላት የጆሮ ባለሙያም ጋ መልሰሽ ውሰጃት። ኩክ መኖሩን ትይላት። ከዚያ ቀጭን ቱቦ ጆሮዋ ውስጥ አስገብታ የመሣሪያውን ድምፅ እዚያው እንድትለካላት ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለል፣ ግን ማስተካከያውን በግምት ከመሥራት የሚያድን ምርመራ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ቃል እየሰማች እንድትደግም የሚደረገው ፈተና በእንግሊዝኛ ከነበረ፣ ውጤቱ የቋንቋ ችሎታዋን ከጆሮዋ ጋር ቀላቅሎታል። ይህን ለባለሙያዋ ንገሪያት። አስተርጓሚም ጠይቂ፣ ሆስፒታሎች በነጻ ያቀርባሉ።

አንድ ጆሮዋ በድንገት፣ በአንድ ሌሊት ድፍን ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። ያ ድንገተኛ ሕመም ነው፤ መድኃኒቱ የሚሠራው በቶሎ ከተጀመረ ነውና በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይዘሻት ሂጂ።