እግዚአብሔር ትቶኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከአዘዞ ነው። ባለቤቴ ባረፈ በዓመቱ ልጄ አልጋ ያዘች። ጾሜን አልገደፍኩም፤ ከቅዳሴም አልቀረሁም። አሁን ግን ስጸልይ የሚሰማኝ ያለ አይመስለኝም። ጎረቤቴ «የሠራሽው ኃጢአት ቢኖር ነው» አለችኝ። እግዚአብሔር ትቶኝ ይሆን? እንዲህ ማሰቤስ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ለልጅሽ ምሕረቱን ያውርድላት። የባለቤትሽንም ነፍስ ይማርልሽ።

ማሰብሽ ኃጢአት አይደለም። ዳዊት ትደግሚ ከሆነ፣ በየዕለቱ ከተከፈለው የሰኞውን ክፍል ተመልከቺ። በዳዊቱ አቆጣጠር መዝሙር 12 «እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ይላል። 21 ደግሞ «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ?» ይላል። ይህ የክህደት ቃል ቢሆን ቤተ ክርስቲያን በየሳምንቱ ድገሙት ባላለችን ነበር። የሐሙሱ 87ኛ መዝሙር እስኪያልቅ ድረስ ጭንቅ ብቻ ነው። ግን ማንን እንደሚጠራ እዪ፤ «የመድኃኒቴ አምላክ» ነው የሚለው። አንቺም ቢከፋሽም ለእሱው ንገሪው።

ጌታችንም ይህንኑ «ለምን ተውኸኝ» በመስቀል ላይ ጮኾታል። መለኮት ተለይቶት አይደለም፤ መለኮቱ ከትስብእቱ (ከሰውነቱ) ለዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ እንዳልተለየ በቅዳሴ እንመሰክራለን። የእኛን ጩኸት ነው የጮኸልን። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ፣ ሰው ሁሉ ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች አንጋጦ ያያል። አንቺ ግን ከመቅደሱ በሮች በላይ ያለውን ስቅለት እዪ። ከበላዩ ሥላሴ አሉ። ሠዓሊው መከራውንና ዙፋኑን አንድ ግድግዳ ላይ ነው ያኖራቸው። እኔ እዚያ ስቆም ዓይኔ ከዚያ አይነቀልም።

የጎረቤትሽን ነገር ወደ ልብሽ አታስገቢው። ጌታ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጠየቅ፣ እሱም ወላጆቹም ኃጢአት ሠርተው እንዳልሆነ ተናግሯል። የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀን አብረውት በዝምታ ተቀምጠው ነበር፤ በኋላ ግን በቃላቸው አቆሰሉት። እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ነው፤ እንደዚያ የጮኸውን ኢዮብን አይደለም። መልሱም ለኢዮብ የመጣው ምዕራፍ 38 ላይ ነው። እስከዚያ ዝምታ ነበር፤ መተው ግን አልነበረም።

ረጅም ጸሎት ከከበደሽ «እግዚኦ ተሣሃለነ» (አቤቱ ይቅር በለን) ብቻ በዪ። ካልቻልሽ ቅዳሴው ላይ ዝም ብለሽ ቁሚ፤ ሌላው ይጸልይልሻል። የንስሐ አባትሽን ዛሬውኑ ቤት ጥሪያቸው፤ ለልጅሽ ስለ ጸሎተ ቀንዲል፣ ማለትም ለሕሙማን ዘይት እየተቀቡ ስለሚደረገው ጸሎት ጠይቂያቸው። ጠበሉን ስታጠጫት መድኃኒቷን እንዳታቋርጪባት፤ የሐኪም ቀጠሮዋም አይለፍ። ስመ ክርስትናዋን ላኪልኝ፣ በጸሎት አስባታለሁ።