ሴጋ የጌም ማሽን መሥራት ለምን ተወ?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት አለኝ። ዘመዴ ከአሜሪካ ሲመጣ ሴጋ ድሪምካስት የሚባል አሮጌ ማሽን አመጣልኝ። በ110 ትራንስፎርመር ነው የማሠራው። ምስሉ ጥሩ ነው፤ ልጆቹም ወደውታል፤ ግን ጨዋታ መሀል በራሱ ጠፍቶ ይነሳል። ኩባንያው ሥራውን ያቆመው ማሽኑ ችግር ስላለበት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ድሪምካስት ሴጋ ከሠራቸው ሁሉ ምርጡ ነው ብንል አናፍርም። ኩባንያውን የጣለው ከዚያ በፊት የተጠራቀመ ኪሳራና የጠፋ አመኔታ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

ኖቬምበር 1994 ሴጋ አሜሪካ ላይ 32ኤክስ የተባለ ተቀጥላ በ159 ዶላር መሸጥ ጀመረ፤ በቀድሞው ማሽን ላይ የሚገጠም ነው። በዚያው ወር ጃፓን ላይ ደግሞ ተቀጥላውን ዋጋ የሚያሳጣውን አዲስ ማሽን፣ ሳተርንን፣ አወጣ። ተቀጥላውን የገዛ ሰው ብሩ መና ቀረ። ሜይ 1995 ደግሞ ለሴፕቴምበር ቀጠሮ የተያዘለትን ሳተርን ድንገት ለጥቂት መደብሮች ብቻ አከፋፍሎ በ399 ዶላር ገበያ ላይ አዋለ። በዚያው ቀን ሶኒ የፕሌይስቴሽን ዋጋ 299 ነው አለ! የተዘለሉት መደብሮች ተቀየሙ፤ ጌም ሠሪዎቹም ለሴፕቴምበር ሲዘጋጁ ስለነበር ሥራቸው አልደረሰም። በዚያ ላይ ሳተርን ሁለት ዋና ፕሮሰሰር ስላለው ፕሮግራም ለሚጽፍለት ሰው አስቸጋሪ ነበር።

ድሪምካስት በ1998 ጃፓን፣ በ1999 አሜሪካ ሲወጣ ሴጋ አቅሙ ተዳክሟል። በዚህ ንግድ ማሽኑ ብዙ ጊዜ በኪሳራ ይሸጣል፤ ገንዘቡ የሚመለሰው ከየጌሙ ሽያጭ ነው። ስለዚህ ማሽኑ በብዙ ሚሊዮን ቤት መግባት አለበት። ትልቁ ጌም ሠሪ ኤሌክትሮኒክ አርትስ ግን አንድም ጌም አልሠራለትም። ዲቪዲ የሚያጫውተው ፕሌይስቴሽን 2 እየመጣ ስለነበርም ገዢው መጠበቅን መረጠ። ሴጋ ዋጋውን ከ199 ወደ 149 ዶላር ቢያወርድ ኪሳራው ባሰ። ብዙ ሰው ኮፒ ሲዲን ይወቅሳል፤ ኮፒ መሠራቱ እውነት ነው፤ ኪሳራው ግን ይቀድመዋል።

ጃንዋሪ 31 ቀን 2001 ማምረቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ሊቀመንበሩ ኢሳኦ ኦካዋ ከግላቸው ያበደሩትን ማሩ፣ አክሲዮናቸውንም ለኩባንያው ሰጡ፤ በማርች አረፉ። ዓመቱ ሳያልቅ የሴጋው ታዋቂ ጌም ሶኒክ በተፎካካሪው በኒንቴንዶ ማሽን ላይ ይጫወት ጀመር።

ወደ እርስዎ ማሽን እንምጣ። ጠፍቶ መነሳቱ የታወቀ ነው፦ ፓወር ሰፕላዩ ከዋናው ቦርድ ጋር የሚገናኝባቸው ፒኖች ሲያረጁ ይዝጋሉ፣ መብራቱም ይቆራረጣል። መጀመሪያ ከሶኬት ይንቀሉትና ጥቂት ይቆይ። ሞደሙን (የስልክ መስመር የሚሰካበትን ክፍል) ያውጡ፤ አንዱ ብሎን ከሱ ሥር ተደብቋል። አራቱን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትተው ክዳኑን ያንሱ፣ ፓወር ሰፕላዩንም ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ይንቀሉት። ፒኖቹን በአልኮል በራሰ ጥጥ እስኪያበሩ ይጥረጉ፤ ሲደርቁ መልሰው ይግጠሙ። ፒኖቹን ለማጥበቅ አያጣሟቸው፣ ይሰበራሉ።

በከፈቱ ቁጥር ሰዓትና ቀን የሚጠይቅ ከሆነ ባትሪው አልቋል። የሚሞላ ኤምኤል2032 ነው፣ ቦርዱ ላይ ተበይዷል። ተራውን ሲአር2032 አይተኩበት፤ ማሽኑ ሊሞላው ስለሚሞክር ሊያፈስ ይችላል። ጆይስቲክም ማሽኑ በርቶ እያለ አይንቀሉ፤ በጆይስቲክ መሰኪያው ቦርድ ላይ ያለው ኤፍ1 ፊውዝ ከተቃጠለ አራቱም መሰኪያ በአንዴ ይሞታል።