ኮስቲክ ሶዳና የአሉሚኒየም ድስት

ጥያቄ፦ ሳሙና ለመሥራት ኮስቲክ ሶዳ በአሉሚኒየም ድስት ውስጥ ስበጠብጥ አረፋ ደፈቀ፤ ድስቱም ጠቁሮ ሳሳ። በብረት በርሜል የሚሠሩ ጎረቤቶቼ ግን ይህ አይገጥማቸውም። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ኮስቲክ ሶዳ፣ በኬሚስትሪ ስሙ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ሁሉንም ብረታ ብረት እኩል አያጠቃም። አሉሚኒየምን ከዝገት የሚጠብቀው እጅግ ስስ የሆነ የኦክሳይድ ሽፋን ነው፤ ሶዳው ይህን ሽፋን ካሟሟ በኋላ ራቁቱን የቀረው አሉሚኒየም ከሶዳውና ከውሃው ጋር ተዋህዶ ሶዲየም አሉሚኔት የተባለ ጨው ይሆናል፤ ሃይድሮጂን ጋዝም ይለቀቃል። ያዩት አረፋ ይኸው ጋዝ ነው። 54 ግራም አሉሚኒየም የሚያወጣው ሃይድሮጂን 6 ግራም ብቻ ቢሆንም፣ በክፍል ሙቀት ከ70 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል፤ እሳት አጠገብ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በድስቱ ባላበቃ ነበር።

ዚንክም በዚሁ መንገድ ስለሚጠቃ በዚንክ የተለበጠ ባልዲ አይጠቅምዎትም። ብረት ግን በተራ ሙቀት ሶዳውን ይቋቋማል።

ሶዳው ከስብ ጋር ሲዋሃድ ሳሙናና ግሊሰሪን ይሰጣል፤ ክዳኑ ተከፍቶ ከቆየ ግን ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ወደ ሶዲየም ካርቦኔት ስለሚለወጥ ኃይሉ ይደክማል። ሲበጠብጡም ጓንትና መነጽር አድርገው ሶዳውን በቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ እንጂ ውሃውን በሶዳው ላይ አያፍስሱ።