ፍጥነቱ 94፣ ድምፁ ግን ይቆራረጣል

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔና ባለቤቴ የጭነት መኪናዎች አሉን። ጭነት የሚፈልጉልንና ከብሮከሮች (ከጭነት ደላሎች) ጋር በኢንተርኔት ስልክ የሚደራደሩልን ስድስት ልጆች አዲስ አበባ፣ ገርጂ በተከራየነው ቢሮ ይሠራሉ፤ በእነሱ ሰዓት ከቀኑ 9 እስከ ሌሊቱ 6። ልጆቹ «ሄሎ፣ ሄሎ» ሲሉ ብሮከሩ ይሰለችና ይዘጋባቸዋል፣ ጭነቱም ለሌላ ይሰጣል። ጠዋት ሲለኩት ግን ማውረጃው 94፣ መላኪያው 8 ሜጋቢት ነው። እኔም በአራቱ ካሜራዎች ቢሮውን ስከታተል ጥርት ብሎ ይታየኛል። አሁን አንዱ ሻጭ 200 ሜጋ ብሮድባንድ ውሰዱ ይለናል፤ ሌላው ደግሞ 10 ሜጋ «ዴዲኬትድ» ብሎ ሦስት እጥፍ ይጠይቃል። የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ማንኛውንም ከመፈረምዎ በፊት ካሜራውን ይዝጉት። አልቀለድኩም። አንድ ጥራት ያለው ካሜራ ሁለት ሜጋ ገደማ ይልካል፤ አራቱ ሲደመሩ ስምንቱን መላኪያዎን ጠርገው ይወስዱታል። የልጆቹ ድምፅ ከካሜራው ምስል ኋላ ራውተሩ ውስጥ ይሰለፋል። ጥርት ብሎ የሚታይዎት እኮ የእነሱን ወረፋ ወስደው ነው!

ለድምፅ ብዙ ሜጋ አያስፈልግም። አንድ ጥሪ በእያንዳንዱ አቅጣጫ 100 ኪሎቢት ቢወስድ ነው፤ ስድስቱም አብረው ቢያወሩ አንድ ሜጋ አይሞላም። ስለዚህ 200 ሜጋ የሚሉዎት የሌለብዎትን በሽታ ሊያክሙ ነው።

ርቀቱንስ? እሱን ማንም አይሸጥልዎትም። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በቀጥታ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 115 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ኬብል ደግሞ እንደ አሞራ አይበርም፤ በጅቡቲ ወጥቶ፣ ቀይ ባሕርን ተከትሎ፣ በግብፅ አድርጎ አውሮፓ ይገባና ከዚያ ነው አትላንቲክን የሚያቋርጠው። እኔ ስለካ ከ200 በላይ ነው የማገኘው። ይህ አያስፈራም፤ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለንግግር የሚመክረው በአንድ አቅጣጫ ከ150 እንዳይበልጥ ነው፤ ደርሶ መልሱ 230 ቢሆን እንኳ በአንድ አቅጣጫ 115 ገደማ ነው። ጥሪ የሚገድለው የዚህ የመዘግየት ቁጥር መዝለል ነው፦ 215፣ 218፣ 214፣ ድንገት 640፣ ከዚያ መልስ የለም። በዚያች ቅጽበት ነው ልጁ «ሄሎ» የሚለው።

ልኬቱም ጠዋት መሆኑ አልተመቸኝም። ብሮድባንድ ከሰፈሩ ጋር የሚጋሩት መስመር ነው፤ ከምሽቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ኳስና ፊልም ይከፍታል፤ የእርስዎ ልጆች ደግሞ ሥራቸው የሚሞቀው ያኔ ነው። ዴዲኬትድ ለብቻዎ የተሰጠ ነውና፣ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ካሉኝ 10ሩን እመርጣለሁ። ነገር ግን ውሉ ላይ የመዘግየቱ ልክ፣ የሚጠፋው ዳታ መጠንና ሲበላሽ በስንት ሰዓት እንደሚጠገን በጽሑፍ ይስፈር። «ምንም ችግር የለም» የሚል የሻጭ ቃል ሌሊት 4 ሰዓት ላይ ስልክ አያነሳም።

በመጠባበቂያ መስመር ላይ እኔ ራሴ ተሸውጃለሁ። ቦሌ አካባቢ ለአንድ ቢሮ ሁለት የፋይበር መስመር አስገብቼ ደረቴን ነፍቼ ነበር። መንገድ ሲቆፈር አንድ ኤክስካቫተር በአንድ ምት ሁለቱንም በጠሳቸው፤ ለካ በአንድ ቦይ ነው የገቡት። ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ አልፈርምም፦ ሕንፃው ውስጥ በየት ይገባል? ከአገርስ በየት ይወጣል፣ በጅቡቲ ወይስ በኬንያ? በ2016 ዓ.ም. የካቲት ላይ ቀይ ባሕር ውስጥ፣ ግንቦት ላይ ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ጠረፍ ኬብሎች ተቆርጠዋል፤ አንድ በር ብቻ ያለው ሰው ያኔ ይቸገራል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮምም ስላለ፣ ፋይበሩን ከአንዱ፣ የሲም ራውተር ከሌላው ያድርጉ።

መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሮቹ ዩፒኤስ (የመጠባበቂያ ባትሪ) ላይ ሆነው የፋይበሩ ሣጥን ግድግዳው ሶኬት ላይ ተሰክቶ ያገኘሁበት ቢሮ ብዙ ነው። ሣጥኑም ራውተሩም የኔትወርክ ኬብሎቹን የሚያከፋፍለው ስዊቹም ዩፒኤስ ላይ ይሁኑ። ልጆቹም ዋይፋዩን ትተው በኬብል ይሥሩ።

ዛሬ ማታ ከ3 ሰዓት ጀምሮ አንዱ ልጅ የስልክ አገልግሎታችሁ ሰርቨር ላይ ፒንግ (ምልክት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ የሚለካ ትእዛዝ) ከፍቶ ይተወው፤ አንድ ሰዓት ካሜራው በርቶ፣ አንድ ሰዓት ጠፍቶ። ሲጠፋ ቁጥሩ ከረጋ፣ ያለዎት መስመር ለጊዜው ይበቃዎታል፤ ሻጮቹ ትንሽ ይጠብቁ። ካሜራው ጠፍቶም ከዘለለ ዴዲኬትዱን ይያዙ። ካሜራ ግድ ነው ካሉ ደግሞ በሲሙ ራውተር በኩል ይውጣ፤ አራቱን ሳይሆን በሩን የሚያሳየውን አንዱን ብቻ።