ሚልወርም (የዱቄት ትል) ለምታረቡ፦ ስለ መኝታውና ስለ መኖው ጠይቁኝ

እሺ አቦ፣ ሰው ሁሉ በየግሉ አንድ አይነት ነገር ስለሚጠይቀኝ ሁላችሁም ባላችሁበት ልመልስ። ድሬ ሳቢያን ነው ያለሁት፣ ትሉን ለጫጩትና ለቤት ወፍ ነው የማረባው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሳፋው ውስጥ ምን ላንጥፍ? ሰጋቱራ በነጻ አገኛለሁ።

መልስ፦ ሰጋቱራው ለዶሮዎቹ ይሁንልህ። የሚልወርም መኝታው ራሱ ምግቡ ነው፣ የሚተኛበትን ነው የሚበላው፣ ስለዚህ ንጹህ የስንዴ ፉርሽካ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አድርገህ አፍስስለት በቃ። ከቀፊራ ገበያ ስትገዛ እጅህን ጆንያው ውስጥ ከተህ ዝገን፣ ጨብጠኸው ስትከፍት እንደ ቡኮ ተጣብቆ ከቀረ እርጥበት አለው ተወው፣ በጣቶችህ መሀል ከፈሰሰ ደህና ነው። ሻጩን ደግሞ የነቀዝ መድሃኒት ነክቶት እንደሆነ ጠይቀው፣ ነቀዝም ያንተ ትልም ሁለቱም የጢንዚዛ ዘር ናቸው፣ ያንዱ መርዝ ሌላውን አይምርም። ጥርጣሬ ካለህ ትንሽ ትል ለይተህ በዛ ፉርሽካ ለሳምንት ሞክር፣ ሙሉውን አትገልብጥ።

ጥያቄ፦ ፉርሽካው ነቀዝ ካለውስ?

መልስ፦ በፌስታል ቋጥረህ ፍሪዘር ውስጥ ሳምንት አሳድረው፣ ከዛ አውጥተህ ፌስታሉን ሳትከፍት ሙቀቱ እስኪመለስ ጠብቅ፣ ቶሎ ከከፈትከው ጤዛ ይይዝና ያሻግትብሃል።

ጥያቄ፦ ዱቄት፣ የጤፍ ጭድ፣ የዶሮ መኖ፣ ድርቆሽ (የደረቀ እንጀራ)... የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ዱቄት ብቻውን ይጠጥራል፣ ትሉ መሀሉ ሊሄድ አይችልም፣ ትንሽ ከፉርሽካ ጋር ደባልቂው። ጭድ ምግብ አይሆነውም። የዶሮ መኖ ፕሮቲኑ ጥሩ ነው ግን መድሃኒት የተቀላቀለበት እንዳይሆን ጠይቂ። ድርቆሽ በጣም ይበላሉ፣ ወጥ ያልነካው ነጭ እንጀራ ከሆነና ኩርምት እስኪል ከደረቀ ወቅጠሽ ጣል አድርጊ፣ በርበሬና ጨው የነካውን ግን እንዳታስቢው።

ጥያቄ፦ አቦ ገረባ (የጫት ትራፊ) ቢሰጣቸውስ? ሰፈራችን ሞልቷል 😂

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ እየጠበቅኩት ነበር 😂 ፍየሎቹ ጠግበውት ስለሚውሉ እኮ ነው። አይሆንም ወላሂ። ጫት ላይ ጸረ ተባይ ሊረጭ ይችላል፣ መርዙ ትሉን ገደለውም አልገደለውም ቀጥሎ የሚበላው ወፍህ ነው። ጫቱ ራሱም አነቃቂ ነገር አለው፣ ጫጩት ምርቃና አያስፈልጋትም።

ጥያቄ፦ ውሃ በምን ላጠጣቸው?

መልስ፦ ውሃ በእቃ አይቀመጥም፣ ይሰምጣሉ፣ ፉርሽካውም ይበሰብሳል። አውራ ጣት የሚያክል ካሮት፣ ድንች ወይ ስኳር ድንች ቆርጠህ ቆዳውን ወደ ታች አድርገህ አስቀምጥ፣ ነገ የተረፈውን አንሳ። ማንጎና ፓፓያ ይወዳሉ ግን ጭማቂው ሻጋታ ያመጣል፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ ዝንብ ይጠራብሃል።

ጥያቄ፦ እላዩ ላይ አቧራ የሚመስል ነገር አለ፣ ትኩር ብዬ ሳየው ይንቀሳቀሳል!!

መልስ፦ የእህል ቅማል ነው፣ በአይን አይለይም እንጂ ሚሊዮን ነው። የሚመጣው በእርጥበት ነው። ካሮቱን ለተወሰኑ ቀናት አቁሚ፣ ትሉን በወንፊት ለይተሽ ወደ አዲስ ደረቅ ፉርሽካ አዛውሪ፣ የድሮውን አውጥተሽ ጣይው፣ ሳፋውን በፈላ ውሃ እጠቢ። የሚሰነፍጥ የአሞኒያ ሽታ ከመጣም መፍትሄው ይሄው ነው።

ጥያቄ፦ ግንቦት ላይ ሁሉም ጠቁረው ሞቱብኝ።

መልስ፦ ሙቀቱ ነዋ። የሚመቻቸው ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ነው፣ ከ30 በላይ ይቸገራሉ፣ 35ን ካለፈ ማለቅ ይጀምራሉ፣ የኛ ግንቦትና ሰኔ ደግሞ ታውቀዋለህ። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ትሎቹ ሲታጨቁ ራሳቸው ሙቀት ያመነጫሉ፣ ክፍሉ 30 ሆኖ የሳፋው መሀል ከዛ በላይ ሊሆን ይችላል፣ እጅህን ከተህ ብትነካው ይታወቅሃል። ስለዚህ ለሶስት ለአራት ሳፋ ከፋፍል፣ ከቆርቆሮው ስር ካለ መደርደሪያ አውርደህ ሲሚንቶው ላይ አድርግ፣ ቬንትሌተር ካለ በሩቁ።

ጥያቄ፦ እኔ ሐረር ነኝ፣ አያድጉም፣ ታመው ይሆን?

መልስ፦ አልታመሙም፣ በርዷቸው ነው። ሌሊት ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ እድገቱ ይጎተታል፣ ማታ ማታ ወደ ማድቤቱ አስጠጊያቸው። ከሸዋ በር ገበያ የምትገዢው ፉርሽካ ችግር የለውም፣ እሱን አትቀይሪ።

ጥያቄ፦ ጉንዳን እንዴት ልከላከል? ክዳኑስ?

መልስ፦ የጠረጴዛውን እግሮች ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ክተት፣ ግን ውሃው ላይ ሳሙና ወይ ዘይት አድርግበት፣ የወባና የደንጊ ትንኝ እንዲህ አይነት እቃ ውስጥ ነው የምትፈለፈለው፣ ድሬ ላይ በወባም በደንጊም ያየነው ይበቃናል። ለክዳን የታደለውን አጎበር እንዳትጠቀም፣ በጸረ ነፍሳት የተነከረ ነው፣ ተራ ሻሽ ይበቃል። ቤት የሚረጩ ሰዎች ሲመጡም ሳፋውን ቀድመህ አውጣ።

ጥያቄ፦ ከወፍጮ ቤት ያገኘሁት ትንሽ ቡናማ ጢንዚዛ የሚልወርም ጢንዚዛ (ትሉ ሲያድግ የሚሆነው) ነው?

መልስ፦ ከሩዝ ፍሬ ካነሰ አይደለም፣ ያ የዱቄት ተባይ ነው። የሚልወርም ጢንዚዛ ጥቁር፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ ነው።

ጥያቄ፦ ለጫጩቶች በቀን በቀን ልስጥ? ግቢያችን ኤሊም አለች።

መልስ፦ ለጫጩት ትንንሾቹን ምረጪ፣ ዋናው መኖ ሳይቀር እንደ ማጣፈጫ ብቻ፣ ስብ አለው። ካልሲየሙ በጣም ዝቅተኛ ነው፣ ስለዚህ ከመስጠትሽ አንድ ሁለት ቀን በፊት የምትሰጫቸውን ለይተሽ የላመ የእንቁላል ቅርፊት የተቀላቀለበት ፉርሽካ አብያቸው፣ ሆዳቸው ውስጥ ይዘውት ይሄዳሉ። ኤሊዋ ሳርና ቅጠል ነው የምትበላው፣ እሷን ተያት።